ከፍታ ብቻውን አፈር አይሠራም

ስለ አፈር በቁም ነገር ማንበብ በጀመርሁበት ሰሞን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ አንድ መሰላል ሥዬ ነበር። ከግርጌው ቀይ አፈር፣ ከእርሱ በላይ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሣር የለበሰ ጥቁር አፈር አስቀምጬ በየእርከኑ ጎን የከፍታውን ልክ በሜትር ጻፍሁ። ሥዕሉ ሐሰት አልነበረም፤ በምሥራቅ እስያ ያሉ አንዳንድ ተራሮች በእርግጥ ይህን ይመስላሉ። ችግሩ የመጣው መሰላሉን አንሥቼ በሌላ ተራራ ላይ ላስደግፈው ስሞክር ነው። አንዱ ተራራ ላይ ቢጫው እርከን ጨርሶ የለም፤ ሌላው ላይ ጥቁሩ አፈር ከጫፉ ሳይሆን ከወገቡ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ በአንድ ከፍታ፣ እጅግ በተቀራረበ ርቀት፣ ሁለትና ሦስት ዓይነት አፈር ጎን ለጎን ይገኛል። ከብዙ ንባብ በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር ከፍታ ብቻውን አፈር እንደማይሠራ ነው። ከፍታ ስንል ሙቀትን፣ ውኃን፣ ዕፅዋትንና የተዳፋቱን ጠባይ ባንድ ቃል መጥራታችን ነው፤ አፈሩን የሚሠሩት እነዚያ ናቸው፤ እነርሱም ሁልጊዜ አብረው አይወጡም፣ አብረውም አይወርዱም።

ይህን ለማየት ከፊል ሐሩር ወይም ሰብትሮፒካል ከሚባለው ክልል ተራሮች የተሻለ ቦታ አላውቅም። ይህ ክልል ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም፣ በግምት ከ23.5 ዲግሪ እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ያለው ነው። በዚህ ክልል የሚገኝ ረጅም ተራራ ግርጌው ድንጋይን በፍጥነት ለማበስበስ የሚበቃ ሙቀት ሲኖረው፣ ጫፉ ውርጭና በረዶ ይፈራረቁበታል፤ ስለዚህ በሜዳ ላይ በሺሕ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ተጉዘን የምናገኘውን ልዩነት እዚህ በሁለትና በሦስት ቀን የእግር መንገድ እናቋርጠዋለን። ከሐሩር ክልል ተራሮች የሚለየው ደግሞ ወቅቱ ነው። በሐሩር ክልል የአንድ ከፍታ ሙቀት ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም፤ በከፊል ሐሩር ግን ሞቃቱ ወቅትና ቀዝቃዛው ወቅት ተለይተው ይታወቃሉ፤ ዝናቡ ከሁለቱ በየትኛው እንደሚወርድም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአህጉራት ምሥራቃዊ ጎን፣ ለምሳሌ በደቡባዊ ቻይናና በታይዋን፣ አብዛኛው ዝናብ የሚመጣው ከሙቀት ጋር ነው። በምዕራባዊው ጎን፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ፣ ዝናቡ የሚመጣው በቀዝቃዛው ወቅት ነው፤ ሙቀቱ ሲመጣ ዝናቡ ሄዷል። ይህ ልዩነት ጥቂት ቢመስልም፣ በኋላ እንደምናየው፣ የአፈሩን አሰላለፍ ከሥሩ ይለውጠዋል።

አፈር ከከፍታ ጋር በቅደም ተከተል እንደሚለዋወጥ አስቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ሩሲያዊው ቫሲሊ ዶኩቻዬቭ ነው። ዶኩቻዬቭ አፈርን እንደ ተፈረፈረ ድንጋይ ብቻ ሳይሆን የራሱ ልደትና ዕድገት እንዳለው የተፈጥሮ አካል አድርጎ የተመለከተ ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ በካውካሰስ ተራሮች ተዘዋውሮ፣ በሩሲያ ሜዳ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግተው ያያቸው የአፈር ቀበቶዎች በተራራው ላይ ከታች ወደ ላይ ተደራርበው እንደሚገኙ አስረዳ። የእኔ መሰላል ምንጩ ይኸው ሐሳብ ነው። ከእርሱ በኋላ የአፈር ተመራማሪው ሐንስ ዬኒ እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው ሥራው አፈርን የሚወስኑትን ነገሮች አምስት አድርጎ አስቀመጣቸው፤ እነርሱም የአየር ንብረት፣ ሕያዋን፣ የመሬቱ አቀማመጥ፣ መነሻ አለቱና ጊዜ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ከፍታ የሚባል ነገር የለም። ይህንን ልብ ብዬ ባነብ ኖሮ ያን መሰላል ባልሣልሁ ነበር።

እንግዲህ ከግርጌው እንጀምር። ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሟሟበታል፤ አፈር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሥሮችና ረቂቃን ነፍሳት የሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ በብዙ እጥፍ የበለጠ ሆኖ ይጠብቀዋል። ውኃው ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ ደካማ አሲድ ግራናይትን ከሚሠሩት ማዕድናት አንዱ የሆነውን ፌልድስፓርን ቀስ በቀስ ይፈታዋል፤ ፖታሲየሙንና ሶዲየሙን፣ ካልሲየም ካለበትም ካልሲየሙን፣ ከሲሊካውም የተወሰነውን አጥቦ ይወስዳል። የቀረው አሉሚኒየምና ሲሊካ እንደገና ተዋቅሮ ካኦሊናይት የተባለውን ነጭ የሸክላ ማዕድን ይሠራል። ኳርትዝ ግን እምብዛም አይነካም፤ አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ብረት የያዙት ጥቁር ማዕድናት ሲፈርሱ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይዝጋል፤ አፈሩንም የሚያቀላው ይህ ዝገት ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የእነዚህ ለውጦች ፍጥነት በግምት በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል።

አየር ወደ ላይ በወጣን መጠን በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። በ2,000 ሜትር ልዩነት ያሉ ሁለት ቦታዎች በ13 ዲግሪ ይራራቃሉ ማለት ነው። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን ኖሮ ከግርጌው ይልቅ ከላይ ያለው አለት ከግማሽ ባነሰ ፍጥነት ይበሰብስ ነበር፤ ሸክላው ያንሳል፣ ድንጋዩ ይበዛል፣ አፈሩም ይሳሳል። ይህ ስሌት ለመሰላሉ ሐሳብ ጥሩ ደጋፊ ነው። ጣጣው ያለው «ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው፤ በተራራ ላይ ሌላው ነገር መቼም እኩል ሆኖ አያውቅም።

መሰላሉ በሚገባ የሚሠራበትን ቦታ ላስቀድም። በደቡብ ምሥራቅ ቻይና በፉጂያንና በጂያንግሺ ክፍለ ሀገሮች መካከል ያሉት የዉዪ ተራሮች ከፍተኛ ጫፋቸው 2,160 ሜትር ገደማ ነው። በግርጌያቸው ሁልጊዜ ለምለም የሆነ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ደን የቆመበት ቀይ አፈር አለ፤ ከ700 ሜትር ገደማ ጀምሮ ቀይነቱ እየደበዘዘ ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ ከ1,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ሲል ሙሉ በሙሉ ቢጫ ይሆናል፤ ከ1,900 ሜትር በላይ ደግሞ ዛፉ አጥሮና ጠፍቶ በሣሩ ሥር ጥቁር የተራራ አፈር ይተካል። ወደ ላይ ሲወጡ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ዝናቡም ይጨምራል፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይጓዛሉና ቅደም ተከተሉ እምብዛም አይፋለስም።

ቀዩ ለምን ቢጫ እንደሚሆን የተረዳሁበት ቀን ከዚህ ሁሉ ጥናት በጣም ደስ ያለኝ ቀን ነበር። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቢጫው አፈር ብረት ያጣ ቀይ አፈር አይደለም። በሁለቱም ውስጥ ያለው የብረት መጠን ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ብረቱ የያዘው ቅርጽ ነው። ከማዕድን የተለቀቀ ብረት መጀመሪያ ቅርጹ ያልረጋ ዝገት ይሆናል። አፈሩ ሞቃት ሆኖ በየጊዜው የሚደርቅ ከሆነ ይህ ዝገት ውኃውን አጥቶ ሄማታይት ይሆናል፤ ሄማታይትም ቀይ ነው። ቀለሙ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ጥቂቱ ብቻ እንኳ አፈሩን ሁሉ ያቀላዋል። አፈሩ ቀዝቃዛና ከዓመት እስከ ዓመት እርጥብ ከሆነ፣ ብስባሽም ከበዛበት፣ ብረቱ ቀስ እያለ ሟሙቶ እንደገና በመርጋት ጎይታይት ይሆናል፤ ጎይታይት ቢጫማ ቡናማ ነው። ስለዚህ በተራራው ወገብ ላይ የሚታየው የቀለም ድንበር፣ አፈሩ በየዓመቱ በደንብ የሚደርቅበት ቦታ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚነግረን መስመር ነው ማለት ይቻላል። የሚገርመው ደግሞ ጉዞው ባንድ አቅጣጫ የሚቀልል መሆኑ ነው፤ ቢጫው ጎይታይት በአፈሩ የተለመደ ሙቀት ተነሥቶ በቀጥታ ቀይ አይሆንም፤ ቀዩ ግን በእርጥበትና በብስባሽ መካከል ሲቆይ እየሟሟ ለቢጫው ቦታ ይለቅቃል። በዚህ ምክንያት ቀይ አፈር ከላይ ከገጹ ቢጫ ሆኖ ከሥሩ ቀይ ሲሆን ማየት የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ጎን፣ ወደ ካሊፎርኒያው ሴራ ኔቫዳ ልሻገር። በዚህ ሰንሰለት ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ተመራማሪዎች ከ200 ሜትር ገደማ እስከ 2,900 ሜትር ገደማ ድረስ መነሻ አለቱ ግራናይት የሆነ አፈር በየደረጃው ቆፍረው አጥንተዋል። አለቱ አንድ ዓይነት መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፤ የአየር ንብረቱን ሥራ ለይቶ ያሳያልና። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከታች 17 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ከላይ ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል፤ ዝናቡና በረዶው ተደምሮ ከ330 ሚሊ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ይደርሳል። እንደ መሰላሉ ከሆነ እጅግ የበሰበሰው አፈር ከግርጌው መገኘት ነበረበት። የተገኘው ግን ከወገቡ ላይ ነው። ከታች ሙቀት አለ፤ ግን ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት ውኃ የለም። ከላይ ውኃ አለ፤ ግን በረዶ ሆኖ ተቀምጧል። ሙቀትና ውኃ በአንድ ጊዜ የሚገናኙት መካከል ላይ ነው፤ ሸክላውም የበዛው፣ ቀለሙም የቀላው፣ ብረቱም በብዛት የተለቀቀው እዚያ ነው። በቀዝቃዛው ወቅት በረዶው ሳይቀልጥ የሚቆይበት መስመር በሚጀምርበት በ1,600 ሜትር አካባቢ አፈሩ በጥቂት ርቀት ውስጥ በድንገት ይለወጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው ስስ፣ አሸዋማና ወጣት ነው። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም ሲያንስ አሲዱ መብዛቱን የሚያሳየው መለኪያ፣ ከታች እስከ ላይ በሁለት አሃድ ገደማ ይቀንሳል፤ አንድ አሃድ አሥር እጥፍ ስለሆነ ይህ ማለት አሲዳማነቱ ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው።

በዚህ ተራራ ላይኛው አካባቢ አፈሩ ወጣት የሆነው በቅዝቃዜ ብቻ አይደለም። ባለፈው የበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ከላይ ያለውን አፈር ጠርጎ አለቱን አራቁቶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ከአሥር ሺሕ ዓመት ብዙም ስለማይርቅ አፈሩ ገና በልጅነቱ ላይ ነው። ከታች ያለው ደግሞ በግግር በረዶ ያልተነካ ስለሆነ እጅግ ረጅም ዕድሜ አለው። ከፍታ እዚህ ላይ ሙቀትን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም ይዞ መጥቷል። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በእኔ ግምት ስለ ከፍታና ስለ አፈር ከተጻፉት ብዙ ሠንጠረዦች ውስጥ ለቅዝቃዜ የተሰጠው ድርሻ ከፊሉ የጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ የምለው ግን የካናሪ ደሴቶች የሆነችው ቴኔሪፍ ናት። በ28 ዲግሪ ሰሜን የምትገኘው ይህች ደሴት በመካከሏ የቴይዴ እሳተ ገሞራ 3,715 ሜትር ከፍታ ይዞ ቆሞባታል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ከተራራው ሰሜናዊ ጎን ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይወጣና ደመና ይሠራል፤ ነገር ግን በከፊል ሐሩር ክልል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ደረቅና ሞቃት አየር ስላለ ደመናው ከዚያ በላይ ማለፍ አይችልም። አየሩ ወደ ላይ ሲወጡ መቀዝቀዙን ትቶ የሚሞቅበት ንብርብር እንደ ክዳን ይጋርደዋል። በዚህ ምክንያት ደመናው ከተራራው ወገብ ላይ፣ በግምት ከ600 እስከ 1,500 ሜትር ባለው ከፍታ፣ እንደ ባሕር ተንጣልሎ ይቆያል። ከደመናው በታች ያለው ደረቅ ነው፤ ከደመናው በላይ ያለውም ደረቅ ነው። እርጥቡ መካከሉ ብቻ ነው።

በዚያ መካከለኛ ቀበቶ ውስጥ ያለው የሎሬል ደን ቅጠሎቹ ጉሙን አጥምደው ወደ መሬት ያንጠባጥባሉ፤ ዝናብ መለኪያው ባዶ በሆነበት ቀን እንኳ ከዛፉ ሥር ያለው መሬት ይርሳል። መነሻው የእሳተ ገሞራ አመድና ላቫ ስለሆነ እርጥበቱ የአመዱን መስተዋት መሰል ቅንጣት በፍጥነት ይፈታና አሎፌን የተባለ ቅርጹ ያልረጋ ማዕድን ይፈጥራል። ይህ ማዕድን ብስባሹን ጥፍር አድርጎ ይይዘዋል፤ ረቂቃን ነፍሳትም በቀላሉ አይበሉትም። የሚፈጠረው አፈር አንዶሶል ይባላል፤ ጥቁር ነው፣ ቀላል ነው፤ ደርቆ ሲመዘን አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ ከ0.9 ግራም አይበልጥም፤ ተራ አፈር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1.2 ግራም በላይ ነው። እርጥቡን አንዶሶል በጣት መካከል አሽተው ሲጫኑት መጀመሪያ ጠጣር ይመስልና በድንገት ይለሰልሳል፤ ይንሸራተታል፤ ውኃም ያወጣል። በዚሁ ተራራ ላይ ከደመናው በላይ ሲወጡ ግን በዚያው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ያለው አፈር ስስ፣ ጠጠራማና ብስባሹ ያነሰ ነው። ወደ ደቡባዊው ጎን ሲዞሩ ደግሞ በግርጌው በኩል ኖራና ጨው የሚታይበት የደረቅ ምድር አፈር ያጋጥማል። እንግዲህ በአንድ ደሴት፣ በአንድ ዓይነት አለት፣ በአንድ ከፍታ፣ በሰሜንና በደቡብ ፈጽሞ የማይገናኙ አፈሮች አሉ።

በነገራችን ላይ በእነዚህ ደሴቶች አፈር ውስጥ ኳርትዝ ይገኛል፤ አብዛኛው አለታቸው የሆነው ባዛልት ደግሞ ኳርትዝ የለውም። ታዲያ ከየት መጣ? ከሰሃራ በነፋስ ተጭኖ የመጣ አቧራ ነው። ተራራ የሚሠራው አፈር ሁሉ ከራሱ አለት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም፤ አለቱ እጅግ በቀስታ በሚበሰብስባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ላይ በየዓመቱ የሚወርድ ጥቂት አቧራ በሺሕ ዓመታት ውስጥ የአፈሩን ጉልህ ክፍል ሊሠራ ይችላል።

ስለ ውኃ ስናወራ የሂማልያን ስም ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በኔፓል ከአናፑርና ተራሮች ደቡብ በ1,740 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሉምሌ በዓመት ከ5,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ከእርሷ ከ60 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ከተራሮቹ ጀርባ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ጆምሶም ግን ከ300 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ ነው የምታገኘው። በመጀመሪያዋ አካባቢ አፈሩ ታጥቦ አሲዳማ ሆኗል፤ በሁለተኛዋ ካልሲየሙ የሚያጥበው ውኃ አጥቶ ከአፈሩ ውስጥ ኖራ ሆኖ ይቀራል። የከፍታው ልዩነት 1,000 ሜትር ያህል ነው፤ የአፈሩን ልዩነት ያመጣው ግን ከፍታው ሳይሆን ተራሮቹ ዝናቡን መጋረዳቸው ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ አፈሩ በቦታው ይቀመጣል ብሎ የሚነሣ ነው። በተራራ ላይ ይህ ትልቅ ግምት ነው። ጠንካራ አለት ወደ አፈር የሚለወጥበት ፍጥነት ብዙውን ጊዜ በዓመት ከአንድ መቶኛ እስከ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ለማግኘት ከአሥር እስከ መቶ ዓመት መጠበቅ ይጠይቃል ማለት ነው። ይህ የሚለካው ከሕዋ የሚመጣ ጨረር በኳርትዝ ውስጥ በሚፈጥረው ቤሪሊየም 10 በተባለ ብርቅ አቶም ነው፤ ኳርትዙ ወደ ምድር ገጽ በቀስታ የቀረበ ከሆነ ብዙ ይሰበስባል፣ በፍጥነት ከቀረበ ጥቂት ይሰበስባል። በእነዚህ ልኬቶች የታወቀ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ አፈሩ በወፈረ መጠን ከሥሩ ያለው አለት መበስበሱን ያዘገያል፤ በሳሳ መጠን ደግሞ ያፋጥናል። ስለዚህ መሸርሸሩ ልከኛ ሲሆን ተዳፋቱ ራሱን ያስተካክላል። ልኩን ሲያልፍ ግን አለቱ ሊደርስበት አይችልም፤ ተራራውም ይራቆታል።

ታይዋን የዚህ ምስክር ናት። ደሴቲቱን የካንሰር መስመር፣ ማለትም የሐሩር ክልል ሰሜናዊ ድንበር የሆነው የ23.5 ዲግሪ መስመር፣ በመካከል ያቋርጣታል፤ ዩሻን የተባለው ጫፏ 3,952 ሜትር ነው። መሬቷ ከሥር በሚገፋ ኃይል ዛሬም ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጡ ተዳፋቱን ያናጋዋል፤ ታይፉን የሚባለው ማዕበል ደግሞ በአንድ ቀን ብዙ መቶ ሚሊ ሜትር ዝናብ አውርዶ ያንሸራትተዋል። በዓመት በሚሊ ሜትሮች የሚቆጠር መሬት ተሸርሽሮ ወደ ባሕር ይሄዳል፤ ይህም አለት ወደ አፈር ከሚለወጥበት ከተለመደው ፍጥነት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በአብዛኛው ተዳፋት ላይ ሙቀትና ዝናብ ሞልቶ ሳለ አፈሩ ገና ያልበሰለ፣ ድንጋያማና ንብርብሩ ያልተለየ ነው። መሰላሉ እዚህ ላይ ይሰበራል።

ነገር ግን በዚያችው ደሴት ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ጠፍጣፋ ሸንተረሮች ላይ፣ መሸርሸሩ በማይደርስባቸው ጥቂት ቦታዎች፣ የጥድ ዓይነት ዛፎች በቆሙበት ጉማም ደን ውስጥ ፖድዞል ይገኛል። ፖድዞል ስሙ የሩሲያ ገበሬዎች ሲሆን «ከሥሩ አመድ» እንደ ማለት ነው፤ በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ቀዝቃዛ ደኖች ውስጥ የሚታወቅ አፈር ነው። ከዛፉ የወደቀው አሲዳማ ቅጠል ቀስ እያለ ሲበሰብስ የሚያወጣው አሲድ ብረቱንና አሉሚኒየሙን ከላይኛው ንብርብር ነቅሎ ወደ ታች ያወርደዋል፤ የላይኛው ንብርብር አመድማ ሆኖ ይቀራል፤ ብረቱም ከሥር ተጠራቅሞ ቀላ ያለ ወይም ጠቆር ያለ ንብርብር ይሠራል። በታይዋን ከፍተኛ ደኖች በአንዳንድ ቦታ ይህ የተጠራቀመ ብረት ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል። ሥር አያልፍበትም፤ ውኃም በቀላሉ አይሻገረውም። ከበላዩ ያለው አፈር ውኃ እየቋጠረ ኦክስጅን ያጣል፤ ይህ ደግሞ ተጨማሪ ብረት እንዲሟሟ ያደርጋል። የሰሜን አውሮፓን አፈር በካንሰር መስመር ላይ ማግኘት በእርግጥ የዶኩቻዬቭን ሐሳብ የሚደግፍ ነው፤ ግን የተገኘው ጠፍጣፋ በሆነው ሸንተረር ላይ ብቻ ነው፣ ከጎኑ ያለው ገደል በዚያው ከፍታ ምንም የለውም።

ተዳፋቱ ወዴት እንደሚያይም መርሳት አይገባም። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ደቡብ የሚያየው ጎን ብዙ ፀሐይ ያገኛል፤ ይሞቃል፣ ይደርቃል። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ነገሩ ይገለበጣል። በደቡብ አፍሪካና በሌሶቶ መካከል ያሉት፣ 3,482 ሜትር የሚደርሱት የድራከንስበርግ ተራሮች በ29 ዲግሪ ደቡብ ላይ ስለሚገኙ፣ ብስባሽ የበዛበትን ጥልቅና እርጥብ አፈር የሚፈልግ ሰው ወደ ደቡብ የሚያየውን ጎን ነው የሚያየው። እዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ተራሮቹ ከላይ ባዛልት፣ ከሥር የአሸዋ ድንጋይ ናቸው። ባዛልቱ ሲበሰብስ ሸክላና ካልሲየም የበዛበት ጥቁር አፈር ይሰጣል፤ የአሸዋ ድንጋዩ ድሃና አሸዋማ አፈር ይሰጣል። ወደ ላይ ሲወጡ አፈሩ ድንገት ቢለወጥ ለውጡን ለቅዝቃዜ ከመስጠት በፊት እግር ሥር ያለውን ድንጋይ ማየት ይሻላል።

ከፍታ ከሁሉ በላይ በጉልህ የሚታይበት ነገር ብስባሽ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ዕፅዋት የሚያመርቱት ቅጠልና ሥር ይቀንሳል፤ ነገር ግን ያንን የሚበሉት ባክቴርያዎች፣ ፈንገሶች፣ ምስጦችና የመሬት ትሎች ሥራቸው ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ይዳከማል። ገቢው ቢቀንስም ወጪው የበለጠ ስለቀነሰ ትርፍ ይጠራቀማል። ውኃ የሚቋጥር ቦታ ከሆነ ኦክስጅን ስለሚጠፋ ነገሩ ይባባሳል፤ በሌሶቶ ከፍተኛ ረግረጎች እንደሚታየው ያልበሰበሰ ተክል ተደራርቦ ወፍራም ንብርብር ይሠራል። ናይትሮጅኑም በብስባሹ ውስጥ ታስሮ ይቆያል፤ አፈሩ ጥቁርና ለም መስሎ ተክሉ ግን ናይትሮጅን ሊራብ ይችላል። ጥቁር አፈር ሁሉ ለም ነው የሚለው አስተሳሰብ በተራራ ጫፍ ላይ አይሠራም። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ ደግሞ አሉሚኒየም እየሟሟ የተክሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ለሥር አልደርስ ይላል። ይህ በግርጌው ቀይ አፈርም በላይኛው ጥቁር አፈርም የሚገኝ ችግር ነው፤ በቀለም የሚራራቁት ሁለቱ አፈሮች በዚህ ይመሳሰላሉ።

ስለ ብስባሽ ሲወራ አንድ የአቆጣጠር ስሕተት ደጋግሜ አያለሁ፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። በተራራ ጫፍ ያለ አፈር ካርቦኑ በመቶኛ ሲሰላ ከግርጌው አፈር ሦስትና አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ ተነሥቶ ከላይ ሦስትና አራት እጥፍ ካርቦን ተከማችቷል ማለት ግን አይቻልም። መቶኛው የሚሰላው በወንፊት ካለፈ፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር ካነሰ አፈር ላይ ነው፤ ድንጋዩ አስቀድሞ ተለቅሞ ወጥቷል። በላይኛው አፈር ውስጥ ደግሞ ከይዘቱ ግማሹ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አለት ላይ ሊቆም ይችላል፤ ክብደቱም ቀላል ነው። የግርጌው ቀይ አፈር በመቶኛ ድሃ ቢሆንም ብዙ ሜትር ወደ ታች ስለሚዘልቅ በአንድ ካሬ ሜትር ሥር የያዘው ካርቦን ከላይኛው ሊበልጥ ይችላል። አየሩ ሲሞቅ ከተራራው የትኛው ክፍል ስንት ካርቦን እንደሚለቅቅ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከመቶኛው ጋር የድንጋዩን መጠን፣ የአፈሩን ክብደትና ጥልቀቱን አብሮ መመዝገብ አለበት፤ ካርቦኑ ከአሎፌን ጋር ተጣብቆ የተቀመጠ ወይስ ቅዝቃዜ ብቻ ያቆየው ልቅ ብስባሽ መሆኑንም ለይቶ ማየት አለበት፤ ቅዝቃዜው ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሄደው ሁለተኛው ነውና። በደብተሬ ላይ ያለው መሰላል ከእነዚህ ለአንዱም ቦታ አልነበረውም፤ አሁን በእርሱ ፋንታ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አለቱን፣ ተዳፋቱን፣ የሚያይበትን አቅጣጫና ደረቅ የሆኑትን ወራት እጽፋለሁ፤ ከፍታውን በመጨረሻው ዓምድ አኖራለሁ።